የቀኝ እግርህ ዘለበት

ውድ አበልጄ ኒካሲዮ፤

ደህና ከሆንክ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚህ አሳጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ የምጽፍልህ በናፍቆት ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠረጥርህ ከርሜአለሁ፤ ልጄን ክርስትና ያነሳህልኝን ሰው። ውጬው ልቅር ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

የስታዲየማችን ግድግዳ በኖራ ተቀብቶ የአውራጃው የምንጊዜም ታላላቅ አሥር ወርዋሪዎች ስም ሊጻፍበት ነው። የሚመርጡት እነዚያው የፓርኩ አግዳሚ ወንበር ሰዎች ናቸው። በመላው ኩባ ስለ ቤዝቦል ከእነሱ የበለጠ የሚጮህ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ወር ተጯጩኸው ዘጠኙን ጨረሱና አሥረኛው ላይ ተፋጠጡ። ወይ እኔ፣ ወይ ደግሞ ነፍሱን ይማረውና ግራኙ ሰቬሪኖ። የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እጅ አውጥተው ይወስናሉ።

አልዋሽህም፣ ስሜ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ሌላ ምን ቀረኝ? በስኳር ፋብሪካው ብረት ቤት ሠላሳ ዓመት ስሞርድና ስበይድ ኖሬአለሁ፤ ለዚያ ግድግዳ ላይ የሚጽፍልህ የለም። የልጅ ልጆቼ ወርዋሪ እንደነበርኩ የሚያውቁት እኔ ስነግራቸው ነው፤ እሱንም እያዛጉ ነው የሚሰሙኝ።

የእኔ ጠበቃ ጡረተኛው መምህር ሬምቤርቶ ነው፤ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በደብተር ይዟል። የሰቬሪኖ ጠበቃ ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ኦብዱሊዮ ነው። ታውቀው የለ፣ ምላሱ ከምላጩ የሰላ ነው። ሰቬሪኖ ሲወረውር መቺዎቹ እናታቸውን ይጠሩ ነበር፣ ይሄኛው ሲወረውር ግን ዳኛው ያንቀላፋ ነበር አለ፤ እኔ እዚያው ፊቱ ተቀምጬ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የሬምቤርቶን ደብተር ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኤቬሊዮ ታላቅ የነበረው አራት ዓመት ነው። አራቱንም ዓመት ኳሱን የሚቀልብለት ኒካሲዮ ነበር። ኒካሲዮ ወደ ካማግዌይ በሄደ በዓመቱ፣ ይኸው እዩት፣ ማንም እየተነሳ የሚመታው ተራ ሰው ሆነ። እኔ ምንም አላልኩም። ቁጥሩ ነው የሚለው።»

ኦብዱሊዮ ምንም አላልኩም ካለ ብዙ ብሏል ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ እህል አልወርድልህ አለኝ። ለግድግዳው እንደታጨሁ እህትህ ኦፌሊያ በስልክ ስትነግርህ አንተ ወሬውን ወደ ዝናብ አዞርከው አሉ። እሱን ስሰማ ጥርጣሬዬ ሥር ያዘ።

ይባስ ብሎ በማግስቱ ኦፌሊያ ቤቷ የቀረውን የድሮ ዕቃህን ለስታዲየሙ ማሳያ ሰጠች፤ ሬምቤርቶም እንዳጸዳው ለእኔ አመጣልኝ። ጓንትህ አለ፣ የፊት መከላከያህ አለ፣ ሁለቱ የቅልጥም መከላከያዎችህም አሉ። የግራውን በጨርቅ አሸሁ፤ ዘለበቶቹ ከመዛጋቸው በቀር ምንም የላቸውም። የቀኙን ሳሽ አውራ ጣቴ ተቆረጠ። የላይኛው ዘለበት ጠርዙ በሞረድ ተስሏል፣ ኒካሲዮ። ሥራዬ ነውና የሞረድ ጥርስ ምልክት አይጠፋኝም።

ደሜን እየጠረግኩ ቁጭ አልኩ፤ ያኔ ሁሉም ነገር እየተነሳ ፊቴ መጣ። ኳሱን ቀልበህ መልሰህ ሳትወረውርልኝ በፊት ወደ ቀኝ እግርህ ጎንበስ ብለህ ማሰሪያህን ታጠብቅ ነበር። ሁልጊዜ። ለካ ኳሱን በዘለበቱ ትጭር ነበር። ቆዳው የተጫረ ኳስ አየር ላይ ተጣምሞ መቺው ጋ ሲደርስ ቁልቁል እንደሚወድቅ፣ ደንቡም ይህን እንደሚከለክል የማያውቅ ተጫዋች የለም። በዚያ ላይ በእኛ ጊዜ ኳስ ብርቅ ነበር። ተመልካቹ መሃል የወደቀውን እንኳ ሰዉ መልሶ ይወረውርልናል፤ አንዴ የተጫረ ኳስ እስከ ማብቂያው ይዘልቃል።

የፍጻሜው ጨዋታ ትዝ አለኝ። የመጨረሻው ዙር ነው፤ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ሦስቱም ማረፊያ ላይ የእነሱ ሰው ቆሟል። መጥተህ ኳሱን እጄ ላይ አስቀመጥክና «አንተ ዝቅ አድርገህ ወርውር፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አልከኝ። ሦስት መቺዎች ተከታትለው አየሩን መትተው ወጡ፤ አሸነፍን። ሕዝቡ እኔን ተሸክሞ ሲወጣ አንተ ወደ ኋላ ቀርተህ ዕቃህን ትሰበስብ ነበር።

ያንን እያሰብኩ ነው የጠላሁህ። ስሜን ሰረቀኝ አልኩ። ካማግዌይ የሄደው ለሚስቱ ወላጆች ሳይሆን እንዳይነቃበት ነው አልኩ። ልጄን ክርስትና ያነሳው ለካሳ ነው ብዬ እስከ ማሰብ ደረስኩ፤ ይቅር በለኝ። ሬምቤርቶም ዕቃውን ያመጣልኝ ሆን ብሎ መሰለኝ። ኦብዱሊዮ ጋ ጸጉሬን መቆረጥ ትቼ ጎፈሬ ሆኜልሃለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዚያን ጨዋታ ኳስ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። አርባ ሁለት ዓመት ልጅ አላስነካሁትም። ጭረቱን አግኝቼ ማስረጃ ላደርግብህ ነበር። መነጽሬን ፈልጌ ስላጣሁት ኳሱን ዝም ብዬ እንደ ድሮው ያዝኩት። እጄ ራሱ ኳሱን አዟዙሮ ጭረቱን መሃል ጣቴ ስር አደረገው።

አልፈለግኩትም እኮ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኳሱን አሽከርክሬ እንደገና ያዝኩት። እዚያው። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፣ እዚያው።

ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የተጋጣሚያችን ወርዋሪም በተራው ያንኑ ኳስ ነበር የሚወረውረው፤ የእሱ ግን አልወደቀም። ጭረቱ የት እንደሚያዝ የሚያውቅ ጣት ይፈልጋል፤ የእኔ ጣት አራት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ሞረዱስ? ከብረት ቤት አንድ ሞረድ ለአንድ ቀን አውሰኝ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? አዋስኩህ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ማሰሪያህ ላልቶ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።

እሁድ እጅ ከመውጣቱ በፊት መከላከያህንና ኳሱን ለኦብዱሊዮ በእጁ እሰጠዋለሁ። ሬምቤርቶ ያዝናል፣ ኦብዱሊዮ ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሰቬሪኖ ይጻፍ፤ እሱ የወረወረው በክንዱ ነው። ዘለበቱን ማን ሞረደው ካሉኝ በእኔ ሞረድ ነው የተሞረደው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። መከላከያው ያንተ መሆኑ ባይደበቅም፣ ያንተን ስም ከአፌ አያገኙትም።

ከአንተ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው። እኔ እንደማውቅ ታውቅ ነበር? ታውቅ ከነበረ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠን የምንስቅበት ነገር ይኖረናል። አታውቅ ከነበረ ግን አርባ ሁለት ዓመት ብቻህን ተሸክመኸዋል ማለት ነው፤ ከግድግዳው ይልቅ እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።

ጣቱ ያልረሳው አበልጅህ፣
ኤቬሊዮ