ስለ ታናሽ ወንድሜ ማማና ስለ መሬት ሽቦው

ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍል
ለክፍሉ ኃላፊ

ቀን፦ ሐሙስ፣ 23/8

ጉዳዩ፦ በአግባቡ መሬት ያልያዘ የአንቴና ማማ በአስቸኳይ እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ለሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ መስመር ጥገና ሠርቼ በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ፈቃዴን ለማሳደስ አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም፤ ይህንንም ከመዝገብዎ ማየት ይቻላል።

2. አቤቱታ የማቀርበው በታናሽ ወንድሜ ላይ ነው። ብረት በያጅ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ብልጭታ ይለዋል። አባታችን ግቢውን በገመድ ለክቶ እኩል ስላካፈለን የምንኖረው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ነው። ሬዲዮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሞርስ ፊደልን የለመደው በእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በእኔ ማንኪያ እያንኳኳ ነው። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ነገሩ ከዚህ ስለሚጀምር ብቻ ነው።

3. ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የዘጠኝ ሜትር ማማ ለመትከል ለክፍልዎ አመልክቼ ግቢው ይጠብባል ተብሎ ወረቀቴ ተመለሰልኝ። ቃል ሳልተነፍስ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬም አንቴናዬ ከጣሪያዬ እስከ ልብስ ማስጫው ምሰሶ የተዘረጋች ሽቦ ናት፤ ባለቤቴ እርጥብ አንሶላ ያሰጣች ቀን ድምፅ ይደክምብኛል። ባለፈው ዓመት ግን ዝናቡ እንዳባራ፣ ለወንድሜ በዚያው ስፋት ባለው ግቢ የአሥራ ስምንት ሜትር ማማ ተፈቀደለት። አሥራ ስምንት፤ እኔ የተከለከልኩት እጥፍ። በሦስት ቁራጭ በይዶ፣ ቀይና ነጭ ቀብቶ፣ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ገተረው። ለመሥሪያ ቤት የማይጻፍ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቆሽቴ አርሯል።

4. በየቅዳሜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬዲዮ የማገኘው አንድ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረኝ። የዕለቱን ወጥ እንዴት እንደሠራ ከባሕር ላይ ይነግረኛል፤ አብራኝ የምትኖረው እናታችንም ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርቱን ቶሎ አወረድከው እያለች ታርመዋለች። እማዬ ነበር የሚላት። ማማው ከቆመ በኋላ የወንድሜ ድምፅ ስለጎላ የእኔ አልሰማ አለውና ወደ ወንድሜ ዞረ። እናታችንም በርጩማዋን ይዛ ዞረች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን እያመማት አጥሩን ዞራ ትሄዳለች። ስትመለስም “የብልጭታ ሬዲዮ እኮ ሰውየውን ጎኔ አምጥቶ ነው የሚያስቀምጠው” ትለኛለች። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጫማዬን መወልወል እጀምራለሁ፤ የትም ለመሄድ አይደለም።

5. ወደ ዋናው ጉዳይ እመለሳለሁ። ለማማ የመብረቅ መውረጃ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ከማማው እግር ተነሥቶ መሬት ውስጥ የሚገባ ወፍራም ሽቦ ነው። ወንድሜ ይህን ሽቦ ያሰረው በግቢው ጥግ ካለው የውኃ ቧንቧ ጋር ነው። ላየው ሰው ቧንቧው ብረት ነው፤ ከመሬት በላይ ያለው ክንድ የምታህል ቁራጭ በእርግጥም ብረት ናት። ከዚያ በታች ግን እስከ መንገዱ ድረስ ፕላስቲክ ነው። መብረቅ በፕላስቲክ አይወርድም። ማማውን ቢመታው የሚቀረው መንገድ የአንቴናው ገመድ ሲሆን፣ ገመዱም በመስኮት አልፎ ሬዲዮው ውስጥ ይገባል።

6. ይህን በምን አወቅህ ቢሉኝ፣ የቧንቧ ሠራተኞች መጥተው የድሮውን ብረት በፕላስቲክ ሲቀይሩ ወንድሜ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። የግቢውን በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ ቦዩም ሲደፈን ቆሜ አይቻለሁ። ሲመለስ መንገሩን ረሳሁ። ማማውን ተክሎ ሽቦውን ሲያስር ግን በአጥሩ ላይ ሆኜ እያየሁት ነበር፤ ያን ጊዜ አልረሳሁም። ቀና ብሎ “ጋሼ፣ እንዲህ ይሁን?” አለኝ። “ባለ ማማው አንተ፣ ምን እኔን ትጠይቃለህ” ብዬው ገባሁ። የመሬት ሽቦ ከውኃ ቧንቧ ጋር ይታሰራል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እርሱ ያጠፋው ነገር ቢኖር እኔን ማመኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንነጋገርም።

7. ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ የዚህ አቤቱታ የመጀመሪያ ረቂቅ ማማው ተነቅሎ እንዲወሰድ የሚጠይቅ ነበር። በፕላስቲኩ ቧንቧ አሳብቤ ላስነቅለው ነበር ያሰብኩት፤ የእኔን ዝምታም አልጻፍኩበትም። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ልብስ እያጠፈች ስታዳምጠኝ ቆይታ “ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ የት ነው የምትቀመጠው?” አለችኝ። እናታችን የምትቀመጠው ገመዱ ከሚገባበት መስኮት ሥር፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወዲያ ነጎድጓድ ተሰምቷል። ረቂቁን ቀደድኩት።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ. ባለሙያ ተልኮ የመሬት ሽቦውን እንዲመረምርና ሥራው እስኪስተካከል ሬዲዮው እንዳይከፈት እንዲታዘዝልኝ፤

ለ. ለራሴ ማማ ብዬ ገዝቼ ለአሥራ አንድ ዓመት አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኳቸው ሦስት የመዳብ ዘንጎች በወንድሜ ማማ እግር ዙሪያ እንዲቀበሩና የመሬት ሽቦው ከእነርሱ ጋር እንዲታሰር የፈቀድኩ መሆኔ እንዲመዘገብልኝ፤ የፈቀድኩት ግን ደስ ብሎኝ አይደለም፤

ሐ. ባለሙያው ከመጣ አይቀር የማማውን ቁመት እንዲለካልኝ። ከአሥራ ስምንት ሜትር በላይ ይመስለኛል።

ለአቤቱታ ምላሽ የሚሰጠው በአሥራ አምስት የሥራ ቀን መሆኑን በራችሁ ላይ ተለጥፎ አንብቤአለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፦ የግራው ግቢ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የስልክ መስመር ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለታናሽ ወንድሜ፣ ከሦስቱ ዘንጎች ጋር፣ ዛሬውኑ በእጄ