ሳይቀመስ የማይወጣ ሞተር

ለገመቹ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ላንተ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የሚነግረኝ ሰው የለም። ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው እየገባ ነው። ስምህን በሕይወት ሳለህ ጠርቼው አላውቅም፤ በእናትህ ቤት የተማርኩት ነውና ዛሬም በወረቀት ላይ አልደፍረውም። የገመቹ አባት ስልህ ቀና ብለህ ታየኝ እንደነበረው አሁንም ቀና በልልኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ልጅህ ያንተን ሞተር ይዞ አያና ድረስ ሄዷል፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሎኛል። በኡኬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጎመን ልቀነጥስ ተቀምጬ ደህናውን ከቢጫው ጋር መጣሌን ሳይ ተውኩትና ብዕር አነሳሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ፊደል የለየሁት አንተ የሞተር ዕቃ ትጠቀልልበት በነበረው የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሞተሩን ጓሮ ታቆመውና ሰፌዴን ትለምነኝ ነበር። ቡሎኖቹን እንደ አፈታታቸው ተራ ትደረድርበታለህ፤ እኔ እንዳይናጋ አድርጌ እይዘዋለሁ። ሰንሰለቱን በላምባ ስታጥብ እኔ ጣቴን ጋዜጣው ላይ አድርጌ «ይኼስ?» እልሃለሁ፤ አንተ በክንድህ ላብህን እየጠረግህ ፊደሉን ትነግረኛለህ። ሁለታችንም እጃችን ጥቁር ሆኖ ምሳ እንቀርብ ነበር። ያ ሰፌድ ዛሬም ላምባ ላምባ ይሸታል፤ እህል አይነፋበትም። ጣዪው ቢሉኝም አልጣልኩትም።

ቤታችን ደህና ነው። ጣራው በምሥራቅ በኩል ያፈስ የነበረው ተደፍኗል። ኮኩ ዘንድሮ ፍሬ ሰጠ። ያ የምታምነው መካኒክ፣ ባሻ ዘለቀ፣ አርጅቶ ግምቢ ልጁ ዘንድ ገባ፤ ሲሰናበተኝ አለቀሰ። ገመቹ ደግሞ እንዳንተው ድሬሰር ሆነልህ። ባለፈው የጃንሆይ ልደት ቀን ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከጤና ጣቢያው ሰዎች ጋር ሲሰለፍ ከኋላው ሳየው አንተ መስለኸኝ ልጣራ ነበር።

ታዲያ አንተ ትዞርባቸው የነበሩትን አገሮች፣ ኡኬን፣ አንገርን፣ አያናን፣ ለእሱ ሰጡት። መድኃኒቱን የሚያደርስበትን ግን ራሱ ይፈልግ አሉት። እኔ በጆንያ ሸፍኜ ጓሮ ያቆምኩትን ሞተር እያየ ሲመላለስ ገባኝ። ጆንያውን ያነሳ ቀን ዶሮ ከመቀመጫው ሥር እንቁላል ጥላ አገኘ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም።

ሰው ሁሉ «ባልሽን የወሰደው ሳንባው እንጂ መንገድ አይደለም፤ ታዲያ ምን ትፈሪያለሽ?» ይለኛል። እውነት ነው። ግን አንተ ስትሄድ የማልፈራው አንተ ሞተሩን ስለምታውቀው ነበር። ልጅህ መርፌ መውጋት ያውቃል፤ ሞተር ማስነሳትና መንዳት ያውቃል። የተኛ ሞተር ውስጡ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም። ከኡኬ ወዲያ ወደ አንገር የሚወርደውን ቁልቁለት አንተ ነህ የነገርከኝ፤ ፍሬን ከሌለህ አንገር ሳትደርስ ገደል ትደርሳለህ ብለህ። እየሳቅህ ነበር የነገርከኝ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

መካኒክ ፍለጋ ወጣን። በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ጋራዥ ተከፍቷል፤ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግሩ ጣፋጭ የሆነ ሰው ነው። ሞተሩን ተቀብሎ ሰነበተበትና ኑ ውሰዱ አለን። ብታየው አታውቀውም። ጋኑ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። አንዴ ሲመታው ተነሣ፤ ጩኸቱ ከአውቶቡሱ በለጠ። ገመቹ ደስታው ከፊቱ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

እኔ ግን አንተ የምትለውን አልኩ። «ወንድሜ፣ እንግዲህ ልጄ ሳይወጣበት አንተ ቅመስልን።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አንተ ታውቃለህ። ሙሽራ ሆኜ እናንተ ቤት የገባሁ ሰሞን ለአባትህ ጠላ አቀረብኩ። ቀጂ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የምትሰጠው፤ በጎጃሜዎቹ በእኔ ወገኖች ቤትም ሥርዓቱ ያው ነው፣ ድንጋጤ ነው ያስረሳኝ። አባትህ ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። አይጠጣም፣ አያስቀምጥም። እንግዳው ሁሉ ያየኛል፤ እኔ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልገባኝም። አንተ ተነሥተህ ዋንጫውን ከአባትህ እጅ በሁለት እጅህ ተቀበልክና መዳፍህ ላይ ጠብ አድርገህ ቀመስክ። «መንገድ አድክሟት ነው፤ እኔ ቀምሼላታለሁ» ብለህ መለስክለት። አባትህ ጨለጠው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲሠራልህ ባሻ ዘለቀን «ቀማሹ አንተ ነህ» ትለው ነበር። ባሻም እየሳቀ ከቤታችን በላይ ያለውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዙ ዘንድ ደርሶ ሳይመለስ አንተ መቀመጫውን አትነካም።

ባለጋራዡ ግን ሳቀብኝ። ግቢው ውስጥ በሜዳው ላይ ዞር ዞር አለና «ይኸው እትዬ፣ ቀመስኩ» አለኝ።

«ሜዳውን አይደለም። ቁልቁለቱን ነው።»

«እትዬ፣ ቁልቁለቱ የባለቤቱ ነው። እኔ ሠርቼ ሰጠሁ።»

የቆሙት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። አንዱማ «ማሩንም አምጡለት፣ ሞተሩን ጠጅ አድርጎ ይጣልላት» አለ። ገመቹ ፊቱ ቀላ። ሊወጣበት እግሩን ሲያነሳ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። እኔ፣ ገበያ መሀል ድምፄ የማይሰማው ሴት። አልለቀቅሁም። ሞተሩን እየገፋን ወደ ቤት ሄድን። በር ላይ ስንደርስ «ሃርሜ፣ እኔ ጠላ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እናቴ ሲለኝ እንዳንተ ወገን ሃርሜ ነው የሚለኝ፤ ሲቆጣ ደግሞ ቃሉ ይጠነክራል።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ኦቦ ቶለራ የሚባል ሰው ዛፍ ሥር ብስክሌትና ሞተር ይሠራል። ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ነው፤ መጠጥ አይቀምስም። ለእሱም ያንኑ ነገርኩት። «አዴ፣ እኔ ጠላ አልጠጣም፤ ቤንዚን ከሆነ ግን እሞክራለሁ» አለና የፊቱን ጎማ አወለቀ። ፍሬኑን ከፈተና እጄን ስቦ ጣቴን የፍሬኑ ሸራ ላይ አሳረፈው። ቅባት ነበር፣ የገመቹ አባት። ሸራው አልቆ እንደ ጠጠር ለስልሷል፣ በላዩ ዘይት ጠጥቷል። ገመዱ ደግሞ ዝጎ ክሩ ተበጣጥሷል። ጋኑን የወለወለው ሰው ይህን አልከፈተውም።

ጣቴን ነጠላዬ ላይ ጠረግሁት።

ኦቦ ቶለራ ገመዱን እዚያው ለወጠ። ሸራው ግን ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት አለና ለአውቶቡስ ሹፌር አዘዘ። እኔ ያኔ ምን ብዬ እንደጠየቅሁት እንጃ፤ «ልጁ ቸኩሏልና በኋላው ፍሬን ብቻ ቀስ ብሎ ቢሄድስ? አንተ ብትቀምሰው?» አልኩት መሰለኝ። «ሃዳ ገመቹ፣ ዛሬ አልቀምስም። እኔ የማልወርድበትን ለልጅሽ አልሰጥም» አለኝ። የገመቹ እናት ብሎ ጠራኝ ማለት ነው፤ ወንድም እንደሚጠራ። ያኛውም አልቀምስም ብሎኝ ነበር፣ ይኼኛውም አልቀምስም አለኝ፤ ግን የዚህኛው እምቢታ እንቅልፍ ሰጠኝ።

እንቅልፉ ብዙ አልቆየም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገመቹን ሰኞ መድኃኒቱ አያና ካልደረሰ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ አለው። እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሼ ስወጣ ገመቹ ሞተሩን ከኦቦ ቶለራ ዘንድ ወደ ቤት መልሶ፣ አሮጌውን ሸራ ገጥሞ ቤንዚን ሲሞላ አየሁት። «ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። አልተከራከርኩትም። እጁን ሊታጠብ ወደ ውስጥ ሲገባ የካንዴላ መፍቻህን ከግድግዳው አወረድኩ። ስትፈታ ሳይ ኖሬ የለ፤ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ከሌለ ሞተር አይነሣም። ካንዴላውን ፈታሁት፣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለልኩት፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩና ቅዳሴ ሄድኩ። ቄሱ ምን እንዳነበቡ አልሰማሁም፤ ቋጠሮውን በጣቴ ስዳብስ ቅዳሴው አለቀ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ቀን የጸለይኩት በካንዴላ ላይ ነው።

ልጅህ ገባው። ጠየቀኝ፣ አልሰጠሁትም። ሰኞ ንጋት መድኃኒቱን ተሸክሞ በጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መሀል ተቀምጦ አያና ሄደ። አቧራ ለብሶ ተመለሰ፣ ቦታውም አልተወሰደበትም፤ እኔን ግን እንግዳ እንደሚያናግር «እሺ» እና «የለም» ብቻ ነበር የሚለኝ። ልጄን ከቁልቁለቱ አድኜ በገዛ ቤቴ ላጣው ነው ወይ እያልኩ ፈራሁ።

ሸራው መጣ። ሞተሩን ገፍተን ወሰድንለት። ኦቦ ቶለራ ገጠመና «አሁን ካንዴላ አምጡልኝ» አለ። ነጠላዬን ስፈታ አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሞተሩን ይዞ ወደ እኛ ሰፈር መጣና ያንተኑ ቁልቁለት ወጣ። እኔና ገመቹ በር ላይ ቆመናል። ሲወርድ መሀል ላይ ፍሬኑን ያዘው፤ አቧራው ተነሣ፣ ሞተሩ ቆመ። ለቀቀው፣ ደግሞ ያዘው። ወንዙ ድረስ ወርዶ ተመለሰና «ጋሪዳ፣ ደህና ነው። ቀምሼዋለሁ» አለ። ገመቹን እያየ፣ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ፣ «እናትህ ባትኖር አንገር ገደል ውስጥ ነበርክ» አለው። ልጅህ መሬት መሬቱን አየ።

እኔም «እንግዲህ እኔም ልቅመስ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አንተ ስንት ጊዜ ነይ ውጪ ብለኸኝ እግሬን እየጎተትኩ የቀረሁት ሴት፣ በልጅህ ኋላ በጎን ተቀመጥኩ። ኦቦ ቶለራ ነጠላዬ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ወገቤ ላይ እንዳስረው ነገረኝ። እስከ ኡኬ ድረስ የገመቹን ጀርባ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ብቻ እገልጣለሁ። ሲይዝ ይሰማኛል፤ ሰውነቴ ወደ ፊት ይሄድና ጀርባው ያቆመኛል። ኡኬ ላይ ቆመና ዞሮ አየኝ። «ሃርሜ፣ እስከ አያና እየቀመስሽ ልትዘልቂ ነው?» አለኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር። ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጀርባው እስኪጠፋ አየሁትና አውቶቡስ ጠብቄ ተመለስኩ።

ያ ሐሙስ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ቁጭ ብድግ የምለው። ሸራው አዲስ ነው፣ ገመዱ አዲስ ነው፣ የቀመሰውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ራሴም ቀምሻለሁ። ዝናብ ግን ማንም አልቀመሰውም። ጭቃው ላይ ጎማው ቢንሸራተትስ? ካንዴላውስ ውኃ ቢገባበት? አንተ በዝናብ ጊዜ መንገድ ዳር ቆመህ ትጠብቅ ነበር፤ ይህን ነግሬዋለሁ ወይስ አልነገርኩትም? ይኸው አሁን ጠብታው ቆርቆሮውን ጀመረው።

ብዕሩን አስቀምጬ ነበር፤ ተመልሼ አነሳሁት። ሰማኸው? ከላይ፣ ከቁልቁለቱ አፍ። መጀመሪያ የጎረቤት ወፍጮ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አንተ እንደምታደርገው ጥምዝዙ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገው። መሬቱ እርጥብ ነው። ያዘ። እንደገና ያዘ። ይኸው በር ላይ ቆመ፤ «ሃርሜ፣ ሰፌድሽን አምጪ፣ ፈትቼ ጭቃውን ላውርድለት» እያለ ነው።

ልሂድለት። የገመቹ አባት፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ይህ ሞተር ሳይቀመስ ከዚህ በር አይወጣም፤ በተቀመሰ ቁጥርም ዋንጫውን ከአባትህ እጅ በሁለት እጅህ ስትቀበል አይሃለሁ። እሁድ እሁድ ሰፌዱን እይዛለሁ። ቡሎኖቹን ግን እንዳንተ በተራ የሚደረድረው አሁን ልጅህ ነው።

የገመቹ እናት፣ ከነቀምት።