የጨመርኳት አንድ ሰዓት

ውድ እህቴ ኢመር፣

«ይቺ ልጅ ስልኳን የማታነሳው ምን ሆና ነው?» እያልሽ እንደሰነበትሽ አውቃለሁ። ስልኬ ባሕር ውስጥ ነው። እኔ ግን አለሁ፤ ፊንባርም አለ፤ ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ? ፓድሪግ አዲሱን ሥራ ለመደው? ሮናንስ ጥርስ አወጣ? እዚያ ፐርዝ ወቅቱ ከእኛ ተቃራኒ ነውና አሁን ብርዱ ገብቶ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ በጋ ተብሎ ካፖርት ለብሰናል። የእንግዳ ማረፊያችን ባለቤት ወይዘሮ ፋኸርቲ ስልካቸውን ያውሱኝ ነበር፤ ግን ኮሪደሩ ላይ ነው ያለው፤ የምነግርሽ ነገር ደግሞ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ጎልዌይ የመጣነው ሐሙስ ዕለት ነው። ሰኞ የሥራ ፈተና አለኝ፤ የባሕር ጠረፍ ካርታ የሚያነሳ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ከተመረቅሁ ወዲህ መቀመጥ አልችልም፤ ሥራውን ሳላገኝ የምንከራየውን ቤት መርጫለሁ። ፊንባርን «አራት ቀን እንዝናና፣ ከተማዋንም እንያት፣ መስከረም ላይ ከሰርጉ በኋላ የምንኖረው እዚህ ነው» ብዬ ከአናጢነት ሥራው ላይ ጎትቼ አመጣሁት። የሚታየውን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሬ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የደረሰብን ሁሉ የሚያስቅ ነበር። ዐርብ ዕለት ፊንባር ወንዙ ዳር ቆሞ የተጠበሰ ዓሣውን ሊጎርስ ሲል አንድ የባሕር ወፍ ከእጁ ላይ ነጥቆት በረረ። አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ «አይዞህ ወንድሜ፣ ድንቹን ትቶልሃል!» ብላ አሳቀችብን። ከዚያ አውቶቡስ ተሳስተን ተሳፍረን የከተማው ዳርቻ ድረስ ሄድን፤ በዝናብ በእግራችን ተመለስን። ፊንባር እየሳቀ «ይህም ከዝርዝርሽ ውስጥ አለ?» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ውሃው ሲሸሽ በእግር ወደሚኬድበት ወደ ሄር ደሴት ልንሻገር ነበር። ከዚያ በፊት አንድ መጠጥ ቤት ጎራ አልን። ማቲ የሚባሉ ሽማግሌ ገና ከመቀመጣችን ሳይጠይቁን ሁለት ብርጭቆ ቢራ ፊታችን አስቀመጡልን። መቼም ሰው ጋብዞሽ ሳትጋብዢ መነሣት አይሆንም። ፊንባር በተራው ሊጋብዝ ሲነሣ የማቲ አማች መጣና ለአራታችንም እሱ አዘዘ። ሽማግሌው ከየት እንደመጣን ጠይቀው «እናንተ የሎንግፎርድ ሰዎች ኪሳችሁ ውስጥ እሾህ ስላለ እጃችሁን አትሰዱም ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲሉት ፊንባር «ነበረ አባቴ፣ ትናንት አስነቀልኩት!» አለና ሌላ ዙር አዘዘ። በመሐል ሁለት ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጊዜ አለን ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፣ ኢመር።

ወይዘሮ ፋኸርቲ ውሃው የሚሸሽበትና የሚመለስበት ሰዓት የታተመበት ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። ውሃው ፈጽሞ የሚጎድለው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል መሻገር ይቻላል ይላል። አባባ በልጅነታችን ኤኒስክሮን የባሕር ቀንድ አውጣ ሊያስለቅመን ሲወስደን «እነዚህ ወረቀቶች የክረምት ሰዓት ነው የሚያትሙት፤ በበጋ ሰዓታችን ወደፊት ስለሚገፋ አንድ ሰዓት ጨምሩ» ይል አልነበር? ጨመርኩ። አንቺም ብትሆኚ ትጨምሪ ነበር። «እስከ አስር ሰዓት መመለስ እንችላለን፤ ተረጋግተህ ጋብዝ» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ሲሸሽ በሚገለጠው የጠጠር መንገድ ተሻገርን። ደሴቱ ሣርና ድንጋይ ነው፤ ነፋሱ ግን ደስ ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ዞርን። ስንመለስ የጠጠሩን መንገድ ውሃው ከግራና ከቀኝ አጥብቦታል። ደንግጬ ወረቀቱን አወጣሁ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የበጋው ሰዓት ታስቦ የተዘጋጀ» ይላል።

ፊንባር ውሃውን አየና «እዚሁ ብንቆይስ? እስኪጎድል እንጠብቅ» አለኝ። ዋና እንደማይችል ታውቂያለሽ። ደሴቱ ላይ ብንቆይ ብርድ እንጂ ሌላ ምንም አያገኘንም ነበር። ግን ከቆየን ለምን እንደቆየን ልነግረው ነው። የጂኦግራፊ ምሩቋ፣ ሰኞ ባሕር እለካለሁ ብዬ የምፈተነው እኔ! ወረቀቱን ጨምድጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና «ጊዜ አለን፣ ፈጠን እንበል» አልኩት። እጄን ይዞ ገባ።

መሐል ላይ ስንደርስ ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ጠፋ። ውሃው ከሁለት በኩል ነው የሚመጣው፤ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይቆርጣል። ወደቅሁ፤ ስልኬ ያኔ ነው የሄደው። ፊንባር ጎትቶ አነሣኝና አንዲት ድንጋይ ላይ አቆመኝ። ድንጋዪቱ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አትበቃም፤ እሱ ከሥር ቆሞ ወገቤን አቀፈ። ውሃው ደረቱ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ብብቱ ጋ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ይቅር በይኝ ዴርቭላ፣ ለሁለት ብርጭቆ ቢራ ብዬ ገደልኩሽ» ይለኛል። ደጋግሞ ይለኛል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ባሕሩ ዳር ውሻውን ያናፍስ የነበረ ሰው አይቶን ኖሮ ነፍስ አድን ጀልባ ጠራልን።

ጀልባው ላይ ሲያወጡን የፊንባር ከንፈር እንደ ቀለም ሰማያዊ ነበር። አንደኛው ሠራተኛ «በየትኛው ሰዓት ነው የገባችሁት እናንተ?» ብሎ ሲቆጣ ፊንባር «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጠጥ ቤት አስቀምጫት ነው» አለው። ያን ጊዜም አላወጣሁትም። ወይዘሮ ፋኸርቲ ሾርባ እያቀረቡለት «ሚስት ልትሆንህ ያለች ልጅ ለቢራ ብለህ ታሰጥማለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አሉት፤ አቀርቅሮ ጠጣ። በኮሪደሩ ስልክ ለእናቱም ደውሎ እንደዚያው ተናገረ። ማታ ደግሞ «ሰርጉን እናቆየው፤ አንቺን መጠበቅ ካልቻልኩ ከእኔ ምን ባል ይወጣል?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ዛሬ እሑድ ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣን ነገርኩት። ወረቀቱን ራዲያተሩ ላይ አድርቄው ነበርና ፊቱ ዘረጋሁለት። ከግርጌው ያለውን ደቃቅ ፊደል በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሰዓቱን በመሳሳቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አላነሣም። «ደሴቱ ላይ እንቆይ ስልሽ ታውቂ ነበር?» ብቻ አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት። «ስቅፍሽም?» አለ። «አዎ» አልኩት። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ከወጣ ይኸው ደብዳቤው እዚህ ደረሰ። ውሃው ውስጥ እንዲህ አልፈራሁም። ሰኞን እንኳ ማሰብ አቃተኝ። ለእማማ ምኑን እንደምነግራት አላውቅም፤ ከእኔ ሳትሰማ ምንም እንዳትያት አደራ። ፓድሪግን ሰላም በይልኝ፣ ቢስቅብኝም አልቀየመውም። ሮናንን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን እመት ኑአላንም ለላኩልኝ ሹራብ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፤ ትናንት ያሞቀኝ እሱ ነው።

እዚህ የባሕር ዳሩን መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጨረሻው ላይ ያለውን ግድግዳ በእግሩ መታ አድርጎ ነው የሚመለሰው። ፊንባር ከመስኮቴ ይታየኛል፤ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆሟል። ብዙ ቆመ። አሁን መታው፤ ዞረ። ወደዚህ እየመጣ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ፊቱ አይለይልኝም።

አንቺ በእሱ ቦታ ብትሆኚ ምን ትዪኝ ነበር? እውነቱን ጻፊልኝ፣ ኢመር። ቶሎ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ ዴርቭላ
ሶልትሂል፣ ጎልዌይ
እሑድ ጁን 18 ቀን