«ደህና ነኝ» ብለው የሄዱት ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከእናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት ዘግይተው ቢሆንም፣ አንዴ ማውራት ከጀመሩ በኋላ የሚያስቆማቸው አልተገኘም። ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላቸው ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ፤ በወሬ ምክንያት ያልተቀጡበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚያም ፀጉር ማስተካከል ተምረው ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ከፈቱ። ፀጉሩ ያላደገ ሰው ሳይቀር የእሳቸውን ጨዋታ ሊሰማ ይመጣ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1977 ዓ.ም. የአእምሮ ሕመም ጀመራቸው። እንቅልፍ አጡ፤ የፀጉር ቤታቸውን መስታወት፣ ውስጡ ሆኖ የሚሰድበኝ ሰው አለ ብለው ሰበሩት። ሆስፒታል አስገባናቸው። ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ መድኃኒቱም ስድቡን ዝም አሰኝቶላቸዋል። ይህን አልክድም። የቀረውን ያደረሰባቸው ግን ሕመሙ ሳይሆን የተኙበት ቤት ነው።

እዚያ ጮክ ብሎ የሳቀ «ተነሳበት» ይባላል። ጥርሴን አመመኝ ብሎ የደጋገመም «ተነሳበት» ይባልና መርፌ ተወግቶ በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል ይወሰዳል። ዝም ያለው «ተሽሎታል» ተብሎ በመስኮቱ በኩል አልጋ ያገኛል። ሐኪሙ ጠዋት እየዞሩ «እንዴት ነህ?» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። ወንድማችን ሞኝ አልነበሩም። ሁለቴ ተወስደው ከተመለሱ በኋላ መልሳቸው «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ነርሷ «የእናንተ ሰው እኮ ወርቅ ነው፤ መኖሩም አይታወቅም» አለችን። እናታችን መርቀዋት ወጡ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ተሽሏቸዋል ተብለው ወደ እኔ ወደ ታናሽ እህታቸው ቤት መጡ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈው ነበር። ቁርስ ሲደርስ ኩባያቸውን ይዘው ማድ ቤቱ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ልጆቼም ጨዋታ መስሏቸው ከኋላቸው ይሰለፉ ነበር። ሳቅ ሲመጣባቸው መጀመሪያ በሩን ያያሉ፤ ከዚያ ሳይስቁ ይቀራሉ። ወደ ፀጉር ማስተካከሉ ሲመለሱ እጃቸው መቀሱን አልረሳም፤ ደንበኞቻቸው ግን «ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዘንድሮ ሸሚዛቸው ይሰፋቸው ጀመር። ልጃቸው «አባዬ፣ ያምሃል እንዴ?» ስትላቸው ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው «ደህና ነኝ» አሏት። «ማንም አይወስድህም፤ ንገረኝ» ብላ ለመነቻቸው። በሩን አዩና አሁንም «ደህና ነኝ» አሉ። በግድ ስንወስዳቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለው ዕጢ ለብዙ ወራት ሲያድግ እንደኖረ ታወቀ። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ሥቃይ ችሎ ዝም ያለ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። የት እንደተማሩት ነገርናት።

ወንድማችን ሰኔ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በር በሌለበት ያሳርፍልን። «እንዴት ነህ?» የሚላቸውም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ የሚያማቸውን ሁሉ ተናግረው እስኪጨርሱ ይስማቸው።