ባዶ የከረመው የገበያ መደብሽ

ወርቅነሽ ሆይ፣ ይህ ቃሌ በአጸደ ነፍስ ወዳለሽበት ይድረስልኝ። ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ ተዝካርሽም እንደ አቅማችን ወጥቶ፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደየቤታቸው ከተመለሱ ወዲህ፣ ቤታችን ዝምታን ተምሯል።

ልነግርሽ የምሻው ግን የገበያውን ነገር ነው። ከቆላው ማሽላ፣ ከደጋው ገብስ የጫኑ አህዮች መተላለፊያ ያጡበት የነበረው ቅዳሜያችን ዛሬ ቀትር ሳይሆን ይበተናል። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ ከክልላችን ወሰን ወዲያ ያለው ትልቁ ከተማ ቀረበና፣ ገበሬው እህሉን፣ ነጋዴው ሱቁን፣ ወጣቱም ጉልበቱን ይዞ ተሻገረ፤ የተሻለ ዋጋ ፍለጋ የሄደን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ልጃችን ዘነበች እንኳ የስፌት መኪናዋን ጭና እዚያው ከትማ፣ ቤቱን ዘግቼ እንድከተላት ትለምነኛለች።

ጌሾና ብቅል ትሸጪበት የነበረው፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው መደብሽ፣ እንደ ገበያችን ልማድ ዓመትሽ እስኪወጣ ማንም ሳይቀመጥበት ከረመ። ከዚያ ወዲያ ለወደደው የሚሰጠው ቤተሰብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከእናትሽ ወደ አንቺ ሲተላለፍ ስንቱ ተቀይሞ፣ ስንቱ ሽማግሌ ልኮብን እንደ ነበር አስታውሼ፣ የሚጠይቀኝ ቢበዛ እንዴት እንደምለይ ስጨነቅ ሰነበትሁ። ማንም አልመጣም። በርበሬ ሻጯ ጎረቤትሽ ደብሪቱማ፣ «የኔታ፣ ገዢ የሌለበትን መደብ ለማን ሊያወርሱት ነው? ይልቅ ፍየልዎን ያስተኙበት!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም፣ ዘመኔን በቅኔ ማኅሌት የጨረስሁት ሰው፣ መደብሽ ወራሽ ካጣ እኔንም በዚህች ከተማ የሚያቆየኝ የለም ብዬ ጓዜን ለመሸከፍ አሰብሁ።

በዚህ መካከል ጫልቱ የምትባል ሴት፣ በዚያው በትልቁ ከተማ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ብሏት፣ ሁሉ ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ እኛ ተሻግራ መጣች። በገበያው ዳር በፀሐይ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ አየኋትና መደቡን እንድትይዘው ለመንኋት፤ እርስዋ ግን የሟች ቦታ መሆኑን ሰምታ ኖሮ፣ «አባቴ፣ እኔ ባዳ ነኝ፣ እፈራለሁ» አለች። ይህን ጊዜ ማን ብድግ አለ መሰለሽ? ያችው ደብሪቱ! መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችና፣ «ነይ እንጂ እቴ፤ ወርቅነሽ ቆማ የምትቀር እንግዳ አትወድም ነበር» ብላ ሽንኩርቱን ራስዋ ተሸክማ አመጣችላት።

አንዲት ሴት የሄደን ገበያ እንደማትመልስ አላጣሁትም፤ ሆኖም ለዘነበች ዘንድሮ እንደማልመጣ ላክሁባት።

ባለፈው ቅዳሜ ከቆላ የመጣ፣ ማረፍሽን ያልሰማ ደንበኛሽ፣ ከመደቡ ፊት ቆሞ የወርቅነሽን ጌሾ ጠየቀ። እኔ ከተቀመጥሁበት የግድግዳ ጥግ ልነሣ ምርኩዜን ስፈልግ፣ ጫልቱ ቀድማኝ ተነሣች፤ ነጠላዋንም አዘቅዝቃ፣ አይታሽ የማታውቀው ሴት፣ እንደ እኅት ሆና መርዶሽን ነገረችው። ሰውየው አለቀሰ፤ እርስዋም አብራው አለቀሰች።

ስምሽን የሚጠይቅ እስካለ ድረስ እኔም ከዚያ ጥግ አልታጣም፤ የእኔ ድምፅ ቢደክም እንኳ የሚመልስ ሰው በመደብሽ ላይ አለና፣ ወርቅነሽ ሆይ፣ በሰላም ዕረፊ።