«አስታማሚዎ ማን ነው?»

ላሊበላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለምሥራቅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽስ፣ ሕፃኑስ ደኅና ናቸው? እኔ ዛሬ ደኅና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ነጋዴው ምስክር በወልድያ አድርጎ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ሐዋሳ እንደሚዘልቅ ሲነግረኝ ይህችን ጻፍኩልሽ። ታምሜ እንደነበር ከሌላ አፍ ሰምተሽ ከምትደነግጪ እኔው ብነግርሽ ይሻላል።

ጎረቤታችን ደግሰው ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ጠርቶኝ ነበር። ስመለስ ሚስቱ የበግ ወጥ በሳህን አድርጋ «ለነገ ይሁንዎ» ብላ ሰጠችኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ምድጃውን የማነደው ለሻይ ብቻ ነውና ደስ አለኝ። በማግሥቱ በላሁት፤ በሠልስቱም ደገምኩት። ኮምጠጥ ብሎኝ ነበር፤ መድፋቱ አሳዘነኝና ጨረስኩት። እናትሽ ብትኖር ክዳኑን እንደከፈተች ትደፋው ነበር።

ሆዴ ወዲያው ተነሣ። ቀላል መስሎኝ ፌጦ በሎሚ በጥብጬ ጠጣሁ። ተቅማጡ አልቆመም፤ ትኩሳት ተጨመረበት። ጋቢ ደርቤም እንቀጠቀጣለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ላብ ያጠምቀኛል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ መሆኑን ታውቂያለሽ። ግድግዳ እየያዝኩ ስመላለስ ሰነበትኩና በኋላ እሱም አቃተኝ። ልጄ፣ ይህን ለሴት ልጅ መጻፍ ያሳፍራል። ግን አንድ ሽማግሌ ልብሱን አበላሽቶ፣ የሚያጥብለት አጥቶ ሲተኛ ምን እንደሚሰማው የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። በሩ ሲንኳኳ እንኳ ስለ ሽታው አፍሬ አልከፈትኩም።

ያንኳኳችው ሐምዲያ ናት፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው በርበሬ ነጋዴ።

«አባባ፣ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ይክፈቱልኝ!»

«ደኅና ነኝ፤ ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

«ካልከፈቱ ሰው ጠርቼ አሰብረዋለሁ!»

እየዳህኩ ከፈትኩላት። አፍንጫዋን አልያዘችም። ውሃ አሙቃ ፊቴንና እግሬን አጠበችኝ፤ የራሷን ብርድ ልብስ አልብሳኝ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ሳለቅስ አይታኝ «አብሽር አባባ፣ አብሽር» ትለኛለች።

ጤና ጣቢያ ሰገራዬንና ደሜን መረመሩ። ነርሷ «ደም እየቀላቀለዎት፣ እንዲህ እያተኮሰዎት፣ እስካሁን ምን ይጠብቃሉ? ትንሽ ቢቆዩ እኮ አናገኝዎትም ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። ግሉኮስ ሰቀለችልኝና «አስታማሚዎ ማን ነው?» አለች። ሐምዲያ አጥሚት ልታመጣ ሄዳ ነበር።

«ልጄ እየመጣች ነው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። በገባች በወጣች ቁጥር «ልጅዎ አልመጣችም?» ትለኛለች፤ እኔም «መንገድ ላይ ናት» እላለሁ። ሐምዲያ ተመልሳ ይህን ሰማች። አጥሚቱን አስቀመጠችና «እኔ ነኝ ልጃቸው» አለች። ነርሷ የሷን ሻሽና የኔን ማተብ አየት አደረገችና መድኃኒቱን አስረከበቻት።

ኪኒኑን ሳላቋርጥ ጨርሻለሁ። ሐምዲያ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ከጤና ጣቢያ የሰጧትን የተቅማጥ ዱቄት እየበጠበጠች ስታጠጣኝ ከረመች። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ተቅማጡም ቆመ። እሷ ግን ገበያው ስለቀዘቀዘባት ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን ጠቅልላ ወገል ጤና ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ግቢው ውስጥ አሁን የሚያስል እንኳ የለም፤ ከእኔ በቀር።

አደራሽን፣ ይህን አንብበሽ እንዳትነሺ። መንገዱ አያስተማምንም፤ ሕፃን ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አይደለም። እኔ እንደሆነ ብርታቴ ተመልሷል። ዛሬ ራሴን ልፈትን ብዬ እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄድኩ። ከወልድያ የገባች አንዲት አውቶቡስ ነበረች። ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ፣ ረዳቱም በሩን እስኪዘጋ ድረስ ቆሜ አየሁ። የምጠብቀው ሰው ኖሮኝ አይደለም፤ ዳገቱን ከመመለሴ በፊት ትንሽ ማረፍ ስለነበረብኝ ነው።

የአሸተኗ ማርያም አንቺንም ቤትሽንም በክንፏ ትጋርድ። ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ።

አባትሽ፣
ውዱ