ለቁም ሰው ሙሾ

ላሊበላ፣ ግንቦት 1977 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል ብዬ መጀመር ይገባኝ ነበር። ግን ተናድጃለሁ። ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው። የድርሰት ውድድሩ ኮሚቴ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ እንደ ሌባ ይጠብቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ የወጣ ደሴ ተልኮ አዳሪ ሆኖ ይማራል ተባለ። እኔ ስለ እርስዎ ጻፍሁ፣ በግጥም። ያን ቀን ከሙጃ ገበያ አፍሰው ለሰፈራ በመኪና ሲወስዱዎት፣ በግዎን ጎረቤታችን አያ ቢሆነኝ ጎትተው አምጥተው ደጃችን አሰሩልን። ታዲያ ሌላ ምን እጽፋለሁ?

ሙጃ ገበያ ላይ በጉን ሊሸጥ ወጥቶ፣
በጉ ቤቱ ገባ ባለቤቱ ጠፍቶ።

የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ሙሉሃብት አንደኛ አሉኝ። ስሜ ሰልፍ ላይ ተጠራ፤ ተጨበጨበልኝ። በማግስቱ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ አለሜ፣ ይህ የልጅ ሥራ አይደለም፣ እናቷ የታወቀች አልቃሽ ናት፣ የእናቷን ሙሾ ገልብጣ ነው ብሎ ሰረዘኝ። መምህር ሙሉሃብትም አንገታቸውን ደፉ። አይ ሰው! ጓድ አለሜን ግጥሙ ከነከነው እንጂ ማን እንደጻፈው መች ጠፋው? ይህን ግን በአፉ አይለውም።

እማማ ሰምታ ከሙጃ በእግሯ ገሰገሰች። አቧራዋን ሳታራግፍ ቢሮ ገባች።

«እኔ መርዶ ሳልሰማ አፌን አልከፍትም» አለቻቸው። «ባሌ በሕይወት አለ። ለቁም ሰው ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው፤ ይህን የምትደፍር ይቺ ያልተቀጣች ልጄ ብቻ ናት። ቤት ስትገባ እኔ እቀጣታለሁ። እናንተ ግን የሷን ስጧት።»

አባባ፣ እርስዎ እንኳ ሟረተችብኝ አይበሉ። ሞተዋል ብዬ አይደለም። ናፍቀውኝ ቃል ሳጣ፣ ቤታችን ውስጥ ሲባል የሰማሁት የለቅሶ ቃል ነውና እሱን አነሳሁ።

ጓድ አለሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ እማማን አስወጣትና ወረቀት ወረወረልኝ።

«እውነት የምትችዪ ከሆነ እዚሁ ፊታችን ጻፊ። ርእሱ የሰፈራ ጥቅም ነው። ካማረ ደሴ ትሄጃለሽ።»

ማሞገሱማ አያቅተኝም። ደሴንም እፈልጋለሁ፣ አልዋሽም፤ ሌሊት በሕልሜ ሁሉ እሄዳለሁ። ግን የሰፈራን ጥቅም እኔ በምን አውቄው? የሚያውቁት የተወሰዱት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ልጠይቅዎ ብዬ ለእርስዎ ጻፍሁ። ጠቀመዎት ወይ? ጋምቤላ ይሁኑ መተከል የሚነግረን አጥተናል። ይህን ወረቀትም የት እንደምልከው አላውቅም፤ ቢያንስ እነሱ ያንብቡት።

ጓድ አለሜ ጨርሺ እያለኝ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ማንበብም ጀምሯል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ደሴ ቀረ። እማማ ፊደል አልቆጠረችም፤ አሁንም ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እስቲ ይህንንም እናቷ ጻፈችው ይበላ።

ልጅዎ ሸጌ አረጋ